ላም አለኝ በሰማይ፦ የዕፅዋት ነጸብራቅ ሞዴሎችና የትብነት ትንተና ችግራቸው

ዕፅዋትን ከሳተላይት ስለማየት የተጻፉ ጥናቶችን የሚያነብ ሰው አንድ ሥዕል ደጋግሞ ያጋጥመዋል። ከታች የብርሃን የሞገድ ርዝመት ከ400 እስከ 2,500 ናኖሜትር ተደርድሯል። ከላይ ደግሞ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቡኒና ቢጫ ቀለሞች እንደ ቀሚስ ጥለት ተደራርበው መቶ በመቶውን ሞልተውታል። አረንጓዴው የክሎሮፊል ድርሻ ነው፤ ሰማያዊው የውሃ፤ ቡኒው የአፈር፤ ቢጫው የቅጠል ብዛት። ሥዕሉ ያምራል፣ ለማስተማርም ይመቻል። እኔም ቶአር ሼኒ ከጀመርኩ ወዲህ በየሴሚናሩ ሳየው ቆይቻለሁ።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው። ሥዕሉ ስለ ተክሉ የሚናገር ይመስላል፤ በአብዛኛው የሚናገረው ግን ሞዴሉን ያስኬደው ሰው አስቀድሞ ስለመረጣቸው ነገሮች ነው። ይኼ የፕሮፌሰሮች ጭቅጭቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባላመጣሁት ነበር። ነገር ግን በሳተላይት «አረንጓዴነት» ላይ ተመሥርቶ ዛሬ ገንዘብ ይከፈላል፣ ወይም አይከፈልም። ድርቅ አለ ይባላል፣ ወይም የለም ይባላል። ከሰማይ የሚታየው ቁጥር ምን ሲነካው እንደሚንቀሳቀስ ማወቅ መሬት ላይ ላለው ሰው የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ሞዴሉ ምን ይላል?

የፀሐይ ብርሃን ቅጠል ላይ ሲያርፍ ከፊሉ ይዋጣል፣ ከፊሉ ያልፋል፣ ከፊሉ ተመልሶ ይወጣል። ተመልሶ የሚወጣው ነጸብራቅ ነው፤ ሳተላይቱ የሚለካው እሱን ነው። ክሎሮፊል ሰማያዊውንና ቀዩን ብርሃን ይውጣል፣ አረንጓዴውን በመጠኑ ይመልሳል። ከ700 ናኖሜትር በኋላ፣ ዓይናችን በማያየው ቅርብ ኢንፍራሬድ ውስጥ፣ ቅጠሉ ጠባዩን ይለውጥና ብርሃኑን በብዛት መመለስ ይጀምራል። ከ1,300 ናኖሜትር በላይ ደግሞ ዋናው ዋጪ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ ነው።

ይህን በሒሳብ የሚገልጸው በጣም የታወቀው ሞዴል ፕሮሴይል ይባላል። ሁለት ሞዴሎች ተጋብተው የወለዱት ነው። አንደኛው ፕሮስፔክት ነው፤ ስቴፋን ዣክሙና ፍሬደሪክ ባሬ በ1990 ያወጡት፣ ስለ አንዲት ቅጠል ብቻ የሚናገር። ሁለተኛው ሴይል ነው፤ የኔዘርላንዱ ቫውት ቬርሁፍ በ1984 ያወጣው፣ ስለ ሙሉው ማሳ የሚናገር። ለፕሮሴይል የክሎሮፊሉን መጠን፣ የውሃውን፣ የደረቁን ክብደት፣ የቅጠሉን ውስጣዊ አሠራር ትሰጡታላችሁ። በዚያ ላይ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ ስንት ካሬ ሜትር ቅጠል እንዳለ (ይህ ኤልኤአይ የሚባለው ነው)፣ ቅጠሎቹ ስንት ዲግሪ እንዳዘነበሉ፣ አፈሩ ምን ያህል ብሩህ እንደሆነ፣ ፀሐይዋና ሳተላይቱ የት እንዳሉ ትነግሩታላችሁ። እሱም በየሞገዱ የሚወጣውን ነጸብራቅ ያሰላላችኋል።

ተመራማሪው ግን ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው። ነጸብራቁ በእጁ አለ፤ የሚፈልገው ክሎሮፊሉን ወይም ኤልኤአዩን ነው። ስለዚህ ሞዴሉን ወደ ኋላ ያስኬደዋል። ወደ ኋላ መሄድ ከመጀመሩ በፊት ግን መጠየቅ ያለበት ነገር አለ፦ ከነዚህ አሥር አሥራ አምስት ግብዓቶች ውስጥ ነጸብራቁን በእውነት የሚያንቀሳቅሰው የትኛው ነው? የማያንቀሳቅሰውን ግብዓት ከነጸብራቅ መልሶ ማግኘት አይቻልማ። ይህ ጥያቄ የትብነት ትንተና ነው፤ ክፍል ውስጥ «ኒቱአሕ ረጊሹት» የምንለው። ሐሳቡ ትክክለኛና አስፈላጊ ነው። የኔ ጥያቄ በአሠራሩ ላይ ነው።

አንድ በአንድ መነካካት

ቀላሉ አሠራር ይኼ ነው፦ ሁሉንም ግብዓት መሀል ላይ አስቀምጦ አንዱን ብቻ ከፍና ዝቅ ማድረግ፣ ከዚያ መልሶ ወደ ቦታው አድርጎ ሌላውን መነካካት። ልክ ይመስላል፣ አይደል? ችግሩ ግብዓቶቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩ መሆናቸው ነው። ማሳው ገና ቡቃያ ሲሆን ሳተላይቱ የሚያየው በአብዛኛው አፈር ነው፤ ያኔ የክሎሮፊሉን መጠን እጥፍ ብታደርጉትም ነጸብራቁ ብዙም አይነቃነቅም። ማሳው ሲሞላ ደግሞ ያው ክሎሮፊል ዋና ተዋናይ ይሆናል፣ አፈሩም ይጠፋል። ሁሉን መሀል ላይ አስሮ አንዱን ብቻ የሚነካ ሰው ይህን ንግግር አይሰማም።

በቁጥርም ማየት ይቻላል። አንድ በአንድ የሚሄድ ሰው ከመሀል ነጥቡ ብዙም አይርቅም፤ የሚነካቸው ነጥቦች ሁሉ በሳጥኑ ውስጥ በተቀመጠች ኳስ ውስጥ ይቀራሉ። ሁለት ግብዓት ሲኖር ክቡ ከካሬው 78.5 ከመቶ ይሸፍናል፤ ይኼ አይከፋም። ሦስት ሲሆን ኳሱ ከሳጥኑ 52 ከመቶ ገደማ ይሸፍናል። አሥር ግብዓት ሲሆን ግን ከሳጥኑ ሩብ ከመቶ ብቻ፣ ማለትም 0.25 ከመቶ ነው የሚሸፈነው። የቀረው 99.75 ከመቶ በማዕዘኖቹ ውስጥ ነው፤ እዚያ ማንም አልደረሰም። አንድሪያ ሳልቴሊና ፓኦላ አኖኒ ይህን ስሌት በ2010 ጽፈውት ነበር። ሳልቴሊና ባልደረቦቹ በ2019 ደግሞ በብዙ የሳይንስ ዘርፎች ብዙ የተጠቀሱ ጽሑፎችን መርምረው 42 ከመቶው የግብዓቱን ቦታ በትክክል የመዳሰስን መሠረታዊ ግዴታ እንዳላሟሉ አሳይተዋል። ልብ በሉ፤ እነዚህ ብዙ የተጠቀሱት ናቸው፤ ሌሎች የሚከተሏቸው።

የኛ ዘርፍ በዚህ በኩል ተሻሽሏል። ዛሬ ብዙ የፕሮሴይል ጥናት የሩሲያዊውን ኢልያ ሶቦልን ዘዴ ይጠቀማል። ሁሉም ግብዓቶች በአንድ ጊዜ በሺዎች በሚቆጠሩ ጥምረቶች ይንቀሳቀሳሉ፤ ከዚያ ከውጤቱ መዋዠቅ ውስጥ የእያንዳንዱ ግብዓት ድርሻ ይሰላል፣ ለብቻውም፣ ከሌሎች ጋር ሲገናኝም። ያ ባለ ጥለት ሥዕል የሚወጣው ከዚህ ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው «በቃ፣ ችግሩ ተፈታ» ይላል። እኔ ደግሞ ሦስት ነገር አልተፈታም እላለሁ።

አንደኛ፦ ወሰኑን ማን ወሰነው?

ሶቦል ድርሻ ከማከፋፈሉ በፊት ለያንዳንዱ ግብዓት ከስንት እስከ ስንት እንደሚንቀሳቀስ ሊነገረው ይገባል። ብዙ ጽሑፎች ይህን በአንድ ትንሽ ሠንጠረዥ ይጨርሱታል፦ ኤልኤአይ ከ0 እስከ 8 ወይም 10፣ ክሎሮፊል ከ0 እስከ 80 ወይም 100 ማይክሮግራም በካሬ ሴንቲሜትር፣ እያለ ይቀጥላል። ሠንጠረዡ ከቀድሞ ጽሑፍ ይቀዳል፤ የቀድሞውም ከሌላ የቀድሞ።

ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ በትንሽ ስሌት እንየው። ከሙሉው ሞዴል ይልቅ በጣም የቀለለውን የብርሃን ሕግ እንውሰድ፦ ማሳው የሚጠልፈው ብርሃን በኤልኤአይና በቅጠሉ አዘነባበል ላይ የሚመሠረት አንድ ቁጥር (መጥለፊያ እንበለው) ብዜት እየጨመረ ይሄዳል፣ ነገር ግን እየቀነሰ በሚሄድ ፍጥነት። መጥለፊያው 0.5 ነው እንበል። ኤልኤአይ ከ1 ወደ 2 ሲያድግ የሚጠለፈው ብርሃን ከ39 ከመቶ ወደ 63 ከመቶ ይዘላል፤ 24 ነጥብ። ኤልኤአይ ከ5 ወደ 6 ሲያድግ ግን ከ92 ወደ 95 ብቻ ነው፤ 3 ነጥብ። የጨመርነው ቅጠል እኩል ሆኖ ሳለ ውጤቱ ስምንት እጥፍ ያህል ተለያየ።

አሁን መጥለፊያውን ከ0.4 ወደ 0.6 እናንቀሳቅሰው፤ ማለትም የቅጠሎቹን አዘነባበል እንቀይር። ኤልኤአይ 1 በሆነበት ማሳ ውጤቱ ከ33 ወደ 45 ይሄዳል፤ 12 ነጥብ። ኤልኤአይ 5 በሆነበት ደግሞ ከ86 ተኩል ወደ 95፤ 8 ነጥብ ተኩል። እንግዲህ አወዳድሩ። ሳሳ ባለው ማሳ ኤልኤአይ አዘነባበሉን እጥፍ ይበልጠዋል። ጥቅጥቅ ባለው ማሳ አዘነባበሉ ኤልኤአዩን ከሁለት እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። የደረጃ ሰንጠረዡ ተገለበጠ! ሕጉ አልተቀየረም፣ ተክሉም አልተቀየረም፤ የተቀየረው የጀመርንበት ቦታ ብቻ ነው።

ስለዚህ «ኤልኤአይ በቅርብ ኢንፍራሬድ 60 ከመቶ ድርሻ አለው» የሚል ዐረፍተ ነገር ብታነቡ፣ «በየትኛው ወሰን?» ካላላችሁ ምንም አላነበባችሁም። ከ0 እስከ 8 የሚል ወሰን የሰሜን ፈረንሳይን የስንዴ ማሳ፣ የዝናብ ደንን፣ የኔጌቭን ቁጥቋጦና የሰሜን ኢትዮጵያን የጤፍ እርሻ በአንድ ወንፊት ይነፋል። የሚወጣው አማካይ የማናቸውም አይደለም። በግማሽ ደረቅ አካባቢ ለሚሠራ ሰው ከ0 እስከ 2 ያለው ቦታ ነው የሚያስፈልገው፤ እዚያ ደግሞ አፈሩ ጌታ ነው።

ሌላም አለ። ከላይ ባለው ስሌት መጥለፊያው 0.5 ሆኖ ኤልኤአይ 3 ቢሆን፣ ወይም መጥለፊያው 0.6 ሆኖ ኤልኤአይ 2.5 ቢሆን፣ ብዜቱ ሁለቱም 1.5 ነው። ሳተላይቱ ሁለቱን ማሳዎች አይለያቸውም። ትብነት ከፍ ያለ ነው ማለት መለየት ይቻላል ማለት አይደለም። ሁለቱም ግብዓቶች ሥዕሉ ላይ ሰፊ ቀለም ይይዛሉ፣ ሆኖም አንዱን ከሌላው ነጥሎ መመለስ አይቻልም። ይህን ሥዕሉ አይነግራችሁም።

ሁለተኛ፦ የሌለ ቅጠል

የተለመደው የሶቦል ስሌት ግብዓቶቹ አንዱ ስለ ሌላው የማያውቁ እንደሆኑ ይገምታል። እያንዳንዱ በራሱ ወሰን ውስጥ እንደ ዕጣ ይወጣል። እውነተኛ ቅጠል ግን እንዲህ አይኖርም። ክሎሮፊልና ካሮቲኖይድ አብረው ይጨምራሉ፣ አብረውም ይቀንሳሉ። ሰብሉ ሲደርስ ክሎሮፊሉ ይወርዳል፣ ውሃው ይደርቃል፣ ቅጠሉ ይረግፋል፤ ሦስቱም በአንድ ወቅት። ዕጣው ግን ክሎሮፊል የሞላበት ካሮቲኖይድ የሌለው፣ ወይም ሙሉ በሙሉ የደረቀ ሆኖ አረንጓዴ የሆነ ቅጠል ያወጣል። እንዲህ ያለ ቅጠል የትም አይበቅልም። ከሺዎቹ ጥምረቶች ስንቱ እንዲህ ያለ እንደሆነ አብዛኛው ጽሑፍ አይቆጥርም፤ ድርሻው ውስጥ ግን ሁሉም ተደምረዋል።

በዚህ ላይ የሥዕሉ አሣሣል ራሱ አለ። ግብዓቶች ሲነጋገሩ ጠቅላላ ድርሻዎቻቸው ተደምረው ከመቶ ይበልጣሉ፤ አንዱ መስተጋብር ሁለት ጊዜ ይቆጠራልና። አንዳንድ ጸሐፊዎች ሥዕሉ እንዲያምር ድምሩን ወደ 100 ይጨምቁታል። ከዚያ በኋላ አንባቢው የትኛው ቀለም የብቻ ሥራ፣ የትኛው የጋራ ሥራ እንደሆነ ማየት አይችልም። ለኔ ትልቁ ዜና ግን እሱ ነበር፤ መስተጋብሩ ሰፊ የሆነበት ሞገድ ወደ ኋላ ለመሄድ አስቸጋሪ የሆነው ሞገድ ነው።

ሦስተኛ፦ የሞዴሉ ትብነት የማሳው ትብነት አይደለም

ሴይል ማሳን የሚያየው እንደ ጭጋግ ነው። ጥቃቅን ቅጠሎች በእኩል ተበትነው፣ ረድፍ የለ፣ ቁጥቋጦ ለብቻ የለ፣ በቁጥቋጦና በቁጥቋጦ መካከል ባዶ መሬት የለ። ለስንዴ ወይም ለበቆሎ በጣም ተስማሚ ግምት ነው። ለኔጌቭ ግን አይደለም።

ከኔጌቭ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ሁላችሁም የምታውቁት ድንበር ላይ ነው። በእስራኤልና በግብጽ ድንበር በሳተላይት ምስል ላይ ጥርት ያለ መስመር ይታያል፤ በሲናይ በኩል ብሩህ፣ በኔጌቭ በኩል ጠቆር ያለ። ለረጅም ጊዜ የተሰጠው ማብራሪያ ዕፅዋት ነበር፦ በአንድ በኩል ከብት ይግጣል፣ በሌላው አይግጥም። በ1995 አርኖን ካርኒኤሊና ሐይም ጾዐር መሬት ላይ ወርደው ለክተው ሌላ ነገር አሳዩ። የጠቆረው በዋናነት በአሸዋው ላይ ያለው ቅርፊት ነው፤ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ጥቃቅን ሕያዋን፣ በተለይ ሲያኖባክቴሪያ፣ አሸዋውን አያይዘው የሠሩት ስስ ልባስ። በሲናይ በኩል በእግርና በሰኮና ይሰበራል፤ በዚህ በኩል አልተነካም። ያ ቅርፊት ዝናብ ሲነካው ሕይወት ይዘራና አረንጓዴነት ያሳያል፤ አንድም ቅጠል ሳይኖር።

አሁን ወደ ሞዴሉ እንመለስ። በተለመደው ፕሮሴይል አፈሩ ከደረቅ እስከ እርጥብ በአንድ የብሩህነት ቁጥር ይገለጻል። ቅርፊት የሚባል ነገር በውስጡ የለም። ስለዚህ የትብነት ትንተናው ለቅርፊት የሚሰጠው ድርሻ ስንት ነው? ዜሮ። ዜሮ የሆነው ግን ተፈጥሮ ውስጥ ስለማይሠራ አይደለም፤ በዝርዝሩ ላይ ስለሌለ ነው። ያልተጠራ እንግዳ ድርሻ አይሰጠውም። የዚህ ዘዴ ትልቁ ደካማ ጎን ይኼ ይመስለኛል፤ ስሌቱን የቱንም ያህል ብታጠሩት አይድንም።

ጤፍንም እንውሰድ። ጤፍ ቀጭን ቅጠል፣ ደካማ አገዳ አለው፤ ነፋስና ዝናብ ሲመታው ይጋሸባል። ሲጋሸብ የቅጠሉ ብዛት ያው ነው፣ ክሎሮፊሉም ያው ነው፤ አዘነባበሉ ግን በአንድ ሌሊት ተቀየረ። ብዙ ጥናቶች የቅጠልን አዘነባበል በአንድ አማካይ ቁጥር ያስሩታል፣ ለጥሩ ስንዴ የሚሆን። በእንዲህ ያለ ቅንብር የተጋሸበ ጤፍ ላይ ሞዴሉን ወደ ኋላ ብታስኬዱት፣ የአዘነባበሉን ለውጥ ለሌላ ግብዓት ይሰጠዋል፤ ኤልኤአይ ተቀየረ ይላችኋል። ገበሬው ያየው ሌላ፣ ካርታው የጻፈው ሌላ።

አባቴ በወጣትነቱ ጎንደር ገጠር ያረሰ ሰው ነው። አንድ ቀን የሰሜን ኢትዮጵያን የእርሻ ካርታ ከነቀለሙ ሳሳየው ብዙ አልተደነቀም። «ታዲያ ይኼ አረንጓዴው ጤፉ ነው አረሙ?» አለኝ። በመስከረም መጨረሻ ያላረመ ሰው ማሳ ከታረመው የበለጠ አረንጓዴ ሊሆን እንደሚችል ነገረኝ፤ ጤፉ ሲደርስም ቢጫ መሆኑ ጥጋብ እንጂ ችግር አይደለም። በአንድ ጥያቄ ሁለት ግብዓት ጨመረልኝ፤ የአረም ድርሻና የወቅቱ ደረጃ። ሁለቱም በሠንጠረዡ ላይ የሉም።

ምስጋናም ይገባቸዋል

ተቺ የሚያፈርስ ብቻ እንዳይመስል፣ እነዚህ ትንተናዎች የሠሩትን መናገር አለብኝ። ቀይ ጠርዝ በሚባለው ቦታ፣ ከ680 እስከ 750 ናኖሜትር ገደማ ነጸብራቁ በድንገት በሚያሻቅብበት፣ ክሎሮፊል ጠንካራ ምልክት እንዳለው ደጋግመው አሳይተዋል። የድሮው የአረንጓዴነት መለኪያ፣ ኤንዲቪአይ፣ ቀዩንና ቅርብ ኢንፍራሬዱን ብቻ አወዳድሮ ኤልኤአይ 3 አካባቢ ሲደርስ ይጠግባል፤ ከዚያ በላይ ማሳው ቢያድግም ቁጥሩ ብዙም አይንቀሳቀስም። ቀይ ጠርዝ ከዚያ በኋላም ይናገራል። የአውሮፓው ሴንቲነል 2፣ የመጀመሪያው በሰኔ 2015 ሲወነጨፍ፣ በዚህ ቦታ ላይ ያተኮሩ መስመሮች ነበሩት። የእስራኤልና የፈረንሳይ የጋራ ሥራ የሆነው ቬኑስም፣ በነሐሴ 2017 የተወነጨፈው፣ ከ12 መስመሮቹ በርከት ያሉት እዚያው አካባቢ ናቸው፤ በየሁለት ቀኑም አንድን ቦታ ተመልሶ ያይ ነበር።

ትንተናው ምን ማየት እንደማይቻልም ይነግረናል። ቬኑስ ከ910 ናኖሜትር ገደማ በላይ አያይም፤ ውሃ ጠንክሮ የሚውጥባቸው ሞገዶች ደግሞ 1,450 እና 1,940 አካባቢ ናቸው። ስለዚህ ከቬኑስ ነጸብራቅ የቅጠልን ውሃ በቀጥታ እናወጣለን ማለት ከንቱ ድካም ነው። እንዲህ ያለውን ድካም ማስቀረት ትልቅ ጥቅም ነው። የትብነት ትንተና «ይኼ አይቻልም» ሲል ልታምኑት ትችላላችሁ። «ይኼ ዋናው ነው» ሲል ነው ጥያቄ የሚያስፈልገው።

ማን ይከፍላል?

የሴንቲነል 2ን ምስል በነፃ በሚገኘው ሶፍትዌር ከፍቶ «ኤልኤአይ ስጠኝ» የሚል ሰው በአንድ ቁልፍ ካርታ ያገኛል። ከቁልፉ ጀርባ ያለው በፕሮሴይል በተፈጠሩ ምሳሌዎች የሠለጠነ የነርቭ መረብ ነው። የግብዓቶቹ ወሰንና ሥርጭት እዚያ ውስጥ ተቀብሯል። ተጠቃሚው አያየውም፤ ቢያየውም ለሱ አካባቢ እንደሚስማማ የሚነግረው የለም።

ከዚህ በጣም የቀረበው የገንዘብ ጉዳይ የከብት ኢንሹራንስ ነው። በሰሜን ኬንያ ማርሳቢት በ2010፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ቦረና በ2012 የተጀመረው አሠራር ከብት ሞተ ብሎ ቆጣሪ አይልክም። ሳተላይት የሚያየውን አረንጓዴነት ካለፉት ዓመታት ጋር ያወዳድራል፤ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ይከፍላል። ይህ አሠራር በኤንዲቪአይ እንጂ በፕሮሴይል አይሄድም፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው፦ ቁጥሩ ምን ሲነካው ይንቀሳቀሳል? ቦረና ውስጥ ለዓመታት ሣሩን እየገፋ የሚስፋፋ ቁጥቋጦ አለ። ላም ብዙውን አትበላውም። ለሳተላይቱ ግን አረንጓዴ አረንጓዴ ነው። ሣሩ አልቆ ቁጥቋጦው ከለመለመ ቁጥሩ «ደህና ነው» ሊል ይችላል። በተጨማሪም በ250 ሜትር የሚያይ የሳተላይት ምስል አንድ ነጥቡ 6.25 ሄክታር ነው፤ አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ያህል ቢሆን፣ 25 ጥማድ መሬት በአንድ ቀለም ተጠቃልሏል። ሣሩም፣ ቁጥቋጦውም፣ ባዶው መሬትም አንድ ላይ።

አዋቂዎቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚሉት ለማይጨበጥ ተስፋ ነበር። እዚህ ጋ ግን ተረቱ ቃል በቃል ሆነ፤ የላሟ ዕጣ በሰማይ ባለ ቁጥር ተንጠልጥሏል። አሠራሩ ይቅር አልልም፤ ቆጣሪ በማይደርስበት አገር ከዚህ የተሻለ ነገር ማግኘት ቀላል አይደለም። ነገር ግን ቁጥሩ ለምን እንደሚንቀሳቀስ የማያውቅ ሰው ሊያስከፍልበትም ሆነ ሊከለክልበት አይገባም።

ምን እንጠይቅ?

ከእናንተ ውስጥ ጂኦግራፊ፣ ግብርና፣ ኮምፒዩተር ወይም ስታቲስቲክስ የምትማሩ አላችሁ። «ሒሻ ሜራሖክ» ኮርስ ውስጥ ያ ባለ ጥለት ሥዕል ሲቀርብላችሁ አራት ነገር ጠይቁ። ወሰኑ ከየት መጣ፣ ከዚያው አካባቢ ከተለካ ቅጠል ነው ወይስ ከቀድሞ ጽሑፍ የተቀዳ? ግብዓቶቹ አብረው የሚሄዱ ከሆነ ያ ግምት ውስጥ ገብቷል ወይ? የብቻና የጋራ ድርሻ ተለይቶ ቀርቧል ወይ? የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል፦ በዝርዝሩ ላይ የሌለው ምንድን ነው? ለሦስቱ መልሱን ጽሑፉ ውስጥ ታገኙታላችሁ ወይም ታጡታላችሁ። ለአራተኛው መልሱ ጽሑፉ ውስጥ አይገኝም። መሬቱን የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ይፈልጋል። ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን እንዲህ ያለ ሰው ቤታችን ውስጥ አለን፤ ስለ አረም፣ ስለ መጋሸብ፣ ስለ ወቅት በአማርኛ የሚያወራ፣ ማንም የሳይንስ ጥያቄ ጠይቆት የማያውቅ።

ቃሌን ብቻ አትመኑ፤ ሞክሩት። ፕሮሴይል በፓይተን በነፃ ይገኛል፤ የሶቦልን ስሌት የሚሠራው ሳሊብ የሚባለው ጥቅልም እንዲሁ። ተራ ላፕቶፕ ይበቃል። ኤልኤአይ ከ0 እስከ 2 አድርጋችሁ አንድ ጊዜ አስኪዱት፤ ከ3 እስከ 7 አድርጋችሁ ሁለተኛ ጊዜ። ሌላ ምንም አትንኩ። ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ቀለሞቹ በቦታቸው ከቀሩ የኔን ጽሑፍ ጣሉት። ቦታ ከተለዋወጡ ግን፣ በሚቀጥለው ሴሚናር ሥዕሉ ሲቀርብ እጃችሁን አውጡ።